ማግኔት የአንደበትን ሥፍራ ሲፈልግ

ሰውየው ወንበር ላይ ተደላድሎ ተቀምጧል። ፊት ለፊቱ የኮምፒውተር ስክሪን አለ። በስክሪኑ ላይ በየሁለት ሦስት ሰከንዱ አንድ ሥዕል ብቅ ይላል፤ እርሱም የሥዕሉን ስም ይናገራል። «ቁልፍ»፣ «ፈረስ»፣ «ጃንጥላ»፣ «ወንበር»። ትንሽ ልጅ እንኳ የሚመልሰው ጥያቄ ነው። ከኋላው የቆመችው ባለሙያ የስምንት ቁጥር ቅርጽ ያለው፣ በፕላስቲክ የተሸፈነ ዕቃ ከግራ ጆሮው ከፍ ብሎ በጭንቅላቱ ላይ አስጠግታ ይዛለች። ዕቃው ጠቅ ጠቅ ጠቅ ይላል። በስክሪኑ ላይ ማንኪያ ይታያል። ሰውየው አፉን ይከፍታል፤ ቃል ግን የለም። ማንኪያ ምን እንደሆነ ያውቃል፤ እንዴት እንደሚይዙትም በእጁ ሊያሳይ ይችላል፤ ስሙ ግን ጠፍቶበታል። ጠቅታው ሲያቆም «ማንኪያ!» ይላል፤ በራሱም ይስቃል። ባለሙያዋ ነጥቡን በኮምፒውተሩ ላይ መዝግባ ዕቃውን አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ፈቀቅ ታደርገዋለች።

ውድ አንባቢያን! ይህ የምትሃት ትርዒት አይደለም። በሄልሲንኪ፣ በበርሊን፣ በሙኒክና በሳን ፍራንሲስኮ ባሉ ትላልቅ ሆስፒታሎች፣ አንጎላቸው ውስጥ ዕጢ የተገኘባቸው ሕሙማን ከቀዶ ጥገናው በፊት የሚያልፉበት ምርመራ ነው። ማግኔቱ ለቅጽበት ያወካት ነጥብ በንግግር ሥራ ላይ እጇ ያለበት ልትሆን ትችላለች። እንዲህ ከሆነ ሐኪሙ ቢላውን ሲያነሳ በዚያች ነጥብ ዙሪያ መጠንቀቅ ይኖርበታል ማለት ነው።

«ዶክተር፣ አባባ ከዚህ በኋላ ያናግሩናል?» የአንጎል ቀዶ ጥገና ውሳኔ የቀረበለት ቤተሰብ ይዋል ይደር እንጂ ይህን መጠየቁ አይቀርም። ዕጢው ካልወጣ እያደገ ሄዶ ሕይወትን አደጋ ላይ ይጥላል። ሲወጣ ደግሞ አብሮት የሚወጣ ነገር ሊኖር ይችላል። አንድ እጅ ቢዝል ሌላው እጅ ያግዛል። ልጁን በስሙ መጥራት ያቃተው፣ የልቡን ለትዳር ጓደኛው መንገር የተሳነው ሰው ግን በቤተሰቡ መካከል እየኖረ ከቤተሰቡ ይርቃል። ሐኪሙም ቢሆን በሁለት እሳት መካከል ነው። ብዙ ቢቆርጥ አንደበት ይጎዳል፤ ጥቂት ቢቆርጥ ዕጢው መልሶ ያድጋል። ስለዚህ «የዚህ ሰው ቋንቋ የተቀመጠው የት ላይ ነው?» የሚለው ጥያቄ ከመጀመሪያው ቁርጠት በፊት መልስ ማግኘት አለበት።

«ታን» ብቻ የሚለው ሰው

ጥያቄው አዲስ አይደለም። በ1861 (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር እንወስዳለን) በፓሪስ አጠገብ በሚገኘው ቢሴትር ሆስፒታል ለቦርኝ የሚባል የ51 ዓመት ሰው ነበር። በሆስፒታሉ 21 ዓመት ኖሯል። የሚባለውን ይረዳል፤ ሊናገር ሲሞክር ግን ከአፉ የሚወጣው «ታን፣ ታን» የሚል ድምፅ ብቻ ነበር። ከዚህም የተነሳ ሰዎች «ታን» ብለው ይጠሩት ጀመር። በዚያ ዓመት ሚያዝያ ወር ሲሞት ሐኪሙ ፖል ብሮካ አንጎሉን አውጥቶ መረመረ። በግራ በኩል፣ ከግንባር ወደ ጎን ባለው ክፍል ላይ ጉዳት አገኘ። ይህ ሥፍራ እስከ ዛሬ «የብሮካ ክፍል» እየተባለ ይጠራል።

ከ13 ዓመት በኋላ፣ በ1874፣ ካርል ቬርኒክ የተባለ ገና የ26 ዓመት ወጣት ጀርመናዊ ሐኪም የዚህን ተቃራኒ የሚመስል ሕመም ገለጸ። የእርሱ ሕሙማን ይናገራሉ፤ እንዲያውም ንግግራቸው አይቋረጥም። ነገር ግን ቃላቱ የተዘበራረቁ ናቸው፤ ሰው የሚላቸውንም አይረዱም። የእነዚህ ሰዎች ጉዳት ከግራ ጆሮ ከፍ ብሎ ወደ ኋላ ባለው የአንጎል ክፍል ላይ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ለብዙ ዘመን በሕክምና መማሪያ መጻሕፍት ውስጥ የሁለት ሥፍራዎች ካርታ ሲታተም ኖረ፤ ፊት ያለው ለመናገር፣ ኋላ ያለው ለመረዳት። ለተማሪ የሚመች ካርታ ነው። ለቀዶ ሐኪም ግን አይበቃም። በፓሪስ ተጠብቆ የቆየው የለቦርኝ አንጎል በኤምአርአይ ተመርምሮ ውጤቱ በ2007 ሲወጣ፣ ጉዳቱ ብሮካ በውጭ በኩል ካየው እጅግ ጠልቆ የገባ ሆኖ ተገኘ። ብሮካ አንጎሉን ሳይቆራርጥ እንዳለ ማስቀመጡ ከመቶ አርባ ስድስት ዓመት በኋላ የተከተሉትን ሰዎች ጠቀመ።

ይበልጥ የሚያሳስበው ግን ሰው ከሰው መለያየቱ ነው። ጆርጅ ኦጄማን የተባለው በሲያትል ይሠራ የነበረ የአንጎል ቀዶ ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር በ1989 የ117 ሕሙማንን ውጤት አሳተመ። ስም ለመጥራት የግድ የሚያስፈልጉት ነጥቦች ብዙውን ጊዜ ከ1 እስከ 2 ካሬ ሴንቲ ሜትር የማይበልጡ ጠባብ ሥፍራዎች ነበሩ። የሚገኙበት ቦታ ደግሞ ከአንዱ ሰው ወደ ሌላው በጣም ይለያያል። በአንዱ ሰው የመናገር ኃይል የተቀመጠባት ነጥብ በሌላው ሰው ላይ ምንም ሳይጎድል ልትቆረጥ ትችላለች። የትኛው የአንጎል ክፍል የበላይነት እንዳለው እንኳ ለሁሉም አንድ አይደለም። በ2000 በጀርመን በ326 ጤነኛ ሰዎች ላይ የተደረገ ጥናት፣ ፍጹም ቀኝ እጃቸውን ከሚጠቀሙት መካከል ቋንቋቸው በቀኝ የአንጎል ክፍል የሚመራው 4 ከመቶ ሲሆኑ፣ ፍጹም ግራኝ በሆኑት ዘንድ ቁጥሩ ወደ 27 ከመቶ ከፍ እንደሚል አሳይቷል። ስለዚህ ከመጽሐፍ የተገኘ ካርታ የአማካይ ሰው ካርታ እንጂ የአባታችን ካርታ አይደለም።

ነቅቶ የሚደረግ ቀዶ ጥገና

የአንድን ሰው ካርታ ከራሱ አንጎል ላይ የማንበብን ዘዴ በሰፊው ያስለመደው በካናዳ፣ ሞንትሪያል የነበረው ዊልደር ፔንፊልድ ነው። በ1934 የተከፈተውን የሞንትሪያል የነርቭ ጥናት ተቋም የመሠረተው እርሱ ነበር። አንጎል ራሱ ሕመም አይሰማውም። የሚያመው ቆዳው፣ አጥንቱና ሽፋኑ ነው። ፔንፊልድ እነዚህን በማደንዘዣ ካደነዘዘ በኋላ ሕመምተኛው ነቅቶ እያወራ አንጎሉን በቀጭን የኤሌክትሪክ ዘንግ ይነካል። ሕመምተኛው ንግግሩን ካቋረጠ ወይም ከተሳሳተ በዚያ ቦታ ላይ ቁጥር የተጻፈባት ትንሽ ወረቀት ያኖራል። ሲጨርስ በአንጎሉ ላይ የወረቀት ካርታ ተዘርግቷል ማለት ነው።

ይህ ዘዴ እስከ ዛሬ የሁሉም መለኪያ ነው። ይሁንና ቀላል አይደለም። ጭንቅላቱ ተከፍቶ ሳለ መንቃትን የሚፈራ ሰው አለ፤ ሊፈራም ይገባዋል። ሕፃናት፣ ሲጨንቃቸው ራሳቸውን መቆጣጠር የሚያቅታቸው፣ ንግግራቸው በሕመሙ ምክንያት ቀድሞ የተጎዳ ሰዎች ብዙውን ጊዜ ለዚህ አይሆኑም። ጊዜውም አጭር ነው፤ ሕመምተኛው ይደክማል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ካርታው የሚገኘው ጭንቅላቱ ከተከፈተ በኋላ ነው። ሐኪሙ ለቤተሰቡ «ይህን ያህል ማውጣት እችላለሁ» ብሎ አስቀድሞ ሊናገር አይችልም።

ከቀዶ ጥገናው በፊት የሚደረጉ ሌሎች ምርመራዎችም አሉ። ጁን ዋዳ የተባለው የጃፓን ተወላጅ ሐኪም በ1949 ይፋ ያደረገው ዘዴ ማደንዘዣን ወደ አንገት ደም ቧንቧ በመስጠት ግማሹን አንጎል ለጥቂት ደቂቃ የሚያስተኛ ነው። ቋንቋ በግራ ይሁን በቀኝ ይነግራል እንጂ ነጥቡን አያሳይም። በኤምአርአይ የሚደረገው ሌላው ምርመራ ደግሞ ሰው ሲናገር ደም የሚበዛባቸውን ቦታዎች ያሳያል። ነገር ግን አንድ ክፍል በሥራ ላይ ተሳተፈ ማለት ያለእርሱ ሥራው አይሠራም ማለት አይደለም። በሠርግ ቤት ውስጥ የሚንቀሳቀሰው ሰው ሁሉ ወጥ ሠሪ አይደለም! ወጥ ሠሪዋ ማን እንደሆነች ለማወቅ እርሷን ለአፍታ ማስቀረትና ወጡ ምን እንደሚሆን ማየት ያስፈልጋል። ማግኔቱ የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

ከፋራዳይ እስከ ሼፊልድ

በ1831 እንግሊዛዊው ማይክል ፋራዳይ የሚለዋወጥ የማግኔት ኃይል በአጠገቡ ባለ ሽቦ ውስጥ ኤሌክትሪክ እንደሚያስነሳ አረጋገጠ። የመብራት ኃይል ማመንጫዎች የሚሠሩት በዚህ ሕግ ነው። አንጎልም የሚሠራው በደካማ ኤሌክትሪክ ነው። እንግዲያው ጠንካራ ማግኔት በጭንቅላት አጠገብ ድንገት ቢበራና ቢጠፋ በአንጎል ውስጥ ኤሌክትሪክ ያስነሳል ማለት ነው። ሐሳቡ ቀላል ይምሰል እንጂ በቂ ኃይል ያለው መሣሪያ እስኪሠራ ብዙ ዓመታት ወሰደ። በ1980 መርተንና ሞርተን የተባሉ ሁለት እንግሊዛውያን በቀጥታ ኤሌክትሪክን በራስ ቆዳ በኩል ወደ አንጎል ማሳለፍ ችለው ነበር። ነገር ግን ያማል። አጥንት ኤሌክትሪክን ስለሚያግድ ኃይሉ ከፍ ማለት ነበረበት።

ማግኔትን ግን አጥንት አያግደውም። በ1985 በእንግሊዝ አገር በሼፊልድ ከተማ አንቶኒ ባርከርና ባልደረቦቹ በጥቅል ሽቦ ውስጥ ብርቱ የኤሌክትሪክ ሞገድ ለቅጽበት እየለቀቁ የአንጎልን የእንቅስቃሴ ክፍል ቀሰቀሱ። የተመርማሪው እጅ ያለ ፈቃዱ ተንቀጠቀጠ፤ ሕመም ግን አልነበረም ለማለት ይቻላል። ለአጭር ቅጽበት የሚፈጠረው የማግኔት ኃይል ከኤምአርአይ መሣሪያ ኃይል ጋር የሚወዳደር ሲሆን፣ የሚቆየው ግን ከሰከንድ አንድ ሺህኛ ላነሰ ጊዜ ነው።

በንግግር ላይ የተሞከረው ከስድስት ዓመት በኋላ ነው። በ1991 አልቫሮ ፓስኳል ሊዮንና ባልደረቦቹ የሚጥል በሽታ ያለባቸው ስድስት ሕሙማን ድምፃቸውን አሰምተው ሲቆጥሩ ማግኔቱን በፍጥነት ደጋግመው ለቀቁባቸው። በግራ በኩል ሲሆን የሁሉም ቆጠራ ተቋረጠ። ውጤቱም ከዋዳ ምርመራ ጋር ተስማማ። ያም ሆኖ ሐኪሞች ለቀዶ ጥገና ወዲያው አልተጠቀሙበትም፤ ምክንያቱም ማግኔቱ የትኛውን የአንጎል ነጥብ እንደነካ በትክክል የሚያውቅ አልነበረም። ጭንቅላትን ከውጭ በሜትር እየለኩ በግምት ማስቀመጥ ነበር። ከዕጢ ዳር ለሚቆርጥ ሰው ግን ግምት አይበቃውም።

ምርመራው እንዴት ይካሄዳል?

ግምቱን ያስወገደው የመሪ ካሜራ ነው። በመጀመሪያ ሕመምተኛው ኤምአርአይ ይነሳል፤ ከዚያም የአንጎሉ ምስል በኮምፒውተር ውስጥ ይገባል። በግንባሩ ላይ ትናንሽ ኳሶች ይለጠፋሉ፤ በጥቅል ሽቦውም ላይ እንዲሁ። ካሜራው ሁለቱን እየተከታተለ ሽቦው በዚህ ቅጽበት የትኛውን የአንጎል እጥፋት እያነጣጠረ እንደሆነ በስክሪን ላይ ያሳያል። ሕመምተኛው ጭንቅላቱን ቢያንቀሳቅስ ምስሉም አብሮ ይንቀሳቀሳል። በፊንላንድ የተሠራ እንዲህ ያለ መሣሪያ በ2009 ለእንቅስቃሴ፣ በ2012 ደግሞ ለንግግር ካርታ እንዲያገለግል ከአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን ፈቃድ አግኝቷል።

ሥራው የሚጀምረው ከእጅ ነው። ባለሙያዋ የአውራ ጣትን ጡንቻ ለማንቀሳቀስ የሚበቃውን ትንሹን ኃይል ትፈልጋለች፤ ምክንያቱም አንዱ ሰው የሚበቃው ኃይል ለሌላው አይበቃውም። ለቋንቋው ምርመራ የሚሆነው መጠን የሚወሰነው ከዚህ ተነስቶ ነው። ቀጥሎ ማግኔቱ ሳይነሳ ሥዕሎቹ ሁለት ሦስት ጊዜ ለሕመምተኛው ይታያሉ። ያልለየውን፣ ያመነታበትን፣ አንዴ እንዲህ አንዴ እንዲያ ያለውን ሥዕል ሁሉ ከዝርዝሩ ያወጡታል። በትክክልና ያለማመንታት የጠራቸው ብቻ ይቀራሉ። ይህ ቁም ነገር ነው። አንዱ «ሲኒ» ሲል ሌላው «ፍንጃል» ሊል ይችላል፤ ሁለቱም ትክክል ናቸው። የሚፈለገው ሰውየው በደኅና ጊዜው የሚለው ቃል የትኛው እንደሆነ ማወቅ ነው።

ከዚያ ዋናው ምርመራ ይቀጥላል። ሥዕሉ ሲታይ ማግኔቱ ወዲያው፣ ወይም ከሰከንድ ሦስት አሥረኛ ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ፣ በሰከንድ 5 ወይም 7 ወይም 10 ጊዜ ፍጥነት ጠቅ ጠቅ ይላል። በሙኒክ የሚሠሩ ሐኪሞች በአንድ ወገን 46 ነጥቦችን እየተከተሉ እያንዳንዱን ደጋግመው ይፈትኑ ነበር። ሁሉም ነገር በቪዲዮ ይቀረጻል። የቪዲዮው ጥቅም ኋላ ላይ ይታያል፤ ስህተቱን የሚመዝነው ባለሙያ ማግኔቱ የትኛው ነጥብ ላይ እንደነበር ሳያውቅ ፊልሙን ከመጀመሪያው ጋር እያስተያየ ይፈርዳል። አስቀድሞ ቢያውቅ ኖሮ እንደጠበቀው ማየቱ አይቀርም ነበር። ይህ ለሌላ ዳኝነትም የሚበጅ ሥርዓት ነው።

ስህተቶቹ ብዙ ዓይነት ናቸው። አንዳንዱ ጨርሶ ዝም ይላል። አንዳንዱ ያመነታል። አንዳንዱ ማንኪያ አይቶ «ሹካ» ይላል፤ ማለትም ከጎረቤት ቃል ያመጣል። አንዳንዱ ቃሉን ያገኘዋል፣ ድምፁን ግን ያዛባል፤ «ማንኪያ» ሊል «ማንጊያ» ይላል። አንዳንዱ ጭራሽ በቋንቋው የሌለ ቃል ይፈጥራል። እነዚህ ሁሉ ለየብቻ ይመዘገባሉ። የመንጋጋ ጡንቻ በማግኔቱ ተኮማትሮ አፉ ሳይላወስ የቀረ እንደሆነ ግን ይህ የቋንቋ ስህተት አይደለምና ይጣላል።

ለምን «ፋቲሐ ቅራ» አይሉትም?

አንዳንድ አንባቢ «ሥዕል ከማሳየት ሰውየው የሚያውቀውን ነገር እንዲያነብ ቢያዙት አይቀልም?» ይል ይሆናል። ችግሩ በጣም የሚያውቀው መሆኑ ላይ ነው። በአንጎል ጉዳት ንግግራቸውን ካጡ ሰዎች መካከል ብዙዎቹ ከአንድ እስከ አሥር መቁጠር፣ የሳምንቱን ቀናት በተራ መጥራት፣ በልጅነታቸው በቃላቸው የያዙትን ማለት ይችላሉ። ይህን እንግሊዛዊው ሐኪም ሒውሊንግስ ጃክሰን በ19ኛው ምዕተ ዓመት አስተውሎት ነበር። ከልጅነት ጀምሮ በየቀኑ የተባለ ነገር አዲስ ዓረፍተ ነገር ለመሥራት ከሚያስፈልገው መንገድ ሌላ መንገድ ሳይኖረው አይቀርም። ስለዚህ አንድ ሕመምተኛ ፋቲሐን ሳያቋርጥ ቢቀራ የመናገር ችሎታው ደኅና ነው ማለት አይቻልም፤ ውሃ ሲጠማው «ውሃ» ማለት ሊያቅተው ይችላል።

ይህን ማወቅ ከቀዶ ጥገና ውጪም ይጠቅማል። በስትሮክ የተመቱ አባት በሶላታቸው የሚቀሩትን ያሰማሉ፤ ልጃቸውን ሊጠሩ ሲሉ ግን ቃሉ አይመጣም። «ሲፈልጉ ይናገራሉ፤ እኛን ስለተቀየሙ ነው» የሚል የቤተሰብ አባል አይጠፋም። ቂም አይደለም። ሁለቱ የንግግር ዓይነቶች እኩል ስላልተጎዱ ነው።

ሌላው ጉዳይ የቋንቋ ብዛት ነው። ከአንባቢዎቻችን ብዙዎቹ በቤት ስልጥኛ ወይም ሐረሪኛ ወይም ኦሮምኛ፣ በሥራ አማርኛ፣ በመድረሳ ዓረብኛ የሚያውቁ ናቸው። በውጭ አገር ያሉት ደግሞ እንግሊዝኛ ወይም ጀርመንኛ ይጨምራሉ። ኦጄማንና ዊታከር በ1978 ሁለት ሁለት ቋንቋ የሚናገሩ ሁለት ሕሙማንን በቀዶ ጥገና ጊዜ ፈትነው ነበር። አንዳንዱ ነጥብ ሲነካ ሁለቱም ቋንቋዎች ታወኩ፤ አንዳንዱ ሲነካ ግን አንደኛው ብቻ ታውኮ ሌላው ደኅና ቀረ። ስለዚህ በአንድ ቋንቋ ብቻ የተሠራ ካርታ ስለ ሌላው ቋንቋ ዝም ሊል ይችላል። በፍራንክፈርት ወይም በዋሽንግተን የሚኖሩ፣ ጀርመንኛውን ወይም እንግሊዝኛውን በሥራ ብቻ የሚናገሩ አንድ እናት ከልጅ ልጆቻቸው ጋር የሚጫወቱት በአማርኛ ከሆነ፣ በሐኪሙ ቋንቋ ብቻ ተፈትነው ቢወጡ ለእርሳቸው ትልቁ ነገር ሳይፈተን ቀርቷል። ሆስፒታሉ ይህን ካልነገሩት አያውቅም። ሥዕል ደግሞ ቋንቋ የለውም፤ ያው ማንኪያ በማንኛውም ቋንቋ ሊጠራ ይችላል። የሚያስፈልገው መልሱን የሚያዳምጥ፣ ቋንቋውን አጣርቶ የሚያውቅ አስተርጓሚ ነው።

ካርታው ምን ያህል ይታመናል?

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በ2013 የበርሊኑ የሻሪቴ ሆስፒታል ሐኪሞች ከባልደረቦቻቸው ጋር በ20 ሕሙማን ላይ የማግኔቱን ካርታ በኋላ ነቅተው በተደረገላቸው ቀዶ ጥገና ከተገኘው ካርታ ጋር አስተያዩ። በቀዶ ጥገናው ከተገኙት የቋንቋ ነጥቦች ማግኔቱ 90 ከመቶ ያህሉን አስቀድሞ አግኝቷቸው ነበር። ይህ መልካም ነው። ነገር ግን ማግኔቱ «እዚህ ቋንቋ አለ» ካላቸው ቦታዎች በቀዶ ጥገናው የተረጋገጡት 36 ከመቶ ገደማ ብቻ ነበሩ። «እዚህ የለም» ካላቸው ግን 84 ከመቶ ያህሉ ትክክል ሆኑ። በዚያው ዓመት ከሳን ፍራንሲስኮ የወጣ ሌላ ጥናት ከዚህ የተሻለ መስማማት አሳይቷል፤ የተመረመሩት ግን 12 ሰዎች ነበሩ።

ታዲያ ይህ ምን ይነግረናል? ማግኔቱ ከመጠን በላይ ይጠራጠራል። ያለውን እምብዛም አይስትም፤ የሌለውን ግን ይጨምራል። እንዲህ ያለ ምስክር «አለ» ሲል ብቻውን አይታመንም፤ «የለም» ሲል ግን ከበድ ያለ ዋጋ አለው። ስለሆነም የዚህ ካርታ ዋና ጥቅም ቋንቋ ያለበትን ማሳየት ሳይሆን የሌለበትን ማሳየት ነው። ሐኪሙ ወደ ዕጢው የሚገባበትን በር የሚመርጠው በባዶዎቹ ቦታዎች ነው። «አለ» የተባሉትን ነጥቦች ደግሞ ነቅቶ በሚደረገው ቀዶ ጥገና ጊዜ በኤሌክትሪክ ዘንጉ ቀድሞ ይፈትሻቸዋል። ጊዜ ይቆጥባል፤ ሕመምተኛውም ሳይደክም ዋናው ሥራ ይጀመራል። መንቃት ለማይችል ሰው ግን ካርታው ብቻውን መሪ ይሆናል። ከጨለማ ይሻላል፤ የነቃን ሰው አንደበት ግን አይተካም።

ሌላም ገደብ አለ። የማግኔቱ ኃይል ከራስ ቆዳ ጀምሮ ከሁለት እስከ ሦስት ሴንቲ ሜትር ያህል ከዘለቀ በኋላ ይደክማል። ስለዚህ የሚፈትነው የአንጎልን ላይኛ ሽፋን ነው። ከሥሩ ሥፍራን ከሥፍራ የሚያገናኙ የነርቭ ክሮች አሉ፤ እነርሱ ከተቆረጡ ከላይ ያለው ቢተርፍም ንግግር ይጎዳል። እነዚህን ክሮች ለማየት ሌላ ዓይነት የኤምአርአይ ምስል ይነሳል። ሐኪሞቹም ማግኔቱ ካገኛቸው ነጥቦች ተነስተው ክሮቹ ወዴት እንደሚሄዱ በኮምፒውተር ይከተላሉ።

ማግኔቱ ሐሳብ አያነብም፤ ምስጢር አያወጣም፤ ቃል አያስገባም፤ ቃል አይሰርቅም። የሚያደርገው ነገር ቢኖር ለጥቂት ቅጽበት ማወክ ነው፤ ሲቆም ሁሉም ወደ ቦታው ይመለሳል። አደጋው ጥቂት ቢሆንም ጨርሶ የለም ማለት አይደለም። ለፊትና ለጆሮ በቀረቡ ቦታዎች ጡንቻው ስለሚኮማተር ይቆረቁራል፤ አንዳንዱን ያመዋል፤ ድምፁም ኃይለኛ ስለሆነ የጆሮ መድፈኛ ይደረጋል። በተደጋጋሚ የሚለቀቅ ማግኔት የሚጥል ሕመም ሊቀሰቅስ እንደሚችል ይታወቃል። በሦስት ትላልቅ የቀዶ ሕክምና ማዕከላት ካርታ የተነሱ 733 ሕሙማን ተመርምረው በ2016 የወጣው ጥናት ግን በምርመራው የተነሳ እንዲህ ያለ ሕመም የደረሰበት ሰው አላገኘም። የልብ ምት መቆጣጠሪያ መሣሪያ የተገጠመለት፣ በጆሮው ውስጥ የመስሚያ መሣሪያ የተተከለለት ወይም በጭንቅላቱ ውስጥ ብረት ያለበት ሰው ግን አስቀድሞ መናገር አለበት፤ ብዙውን ጊዜ ምርመራው አይደረግለትም።

ዘመድ ለእንዲህ ያለው ምርመራ የቀረበለት ቤተሰብ ለሐኪሙ ሊነግረው የሚገባ ነገር አለ። በቤት ውስጥ የሚነገረው የትኛው ቋንቋ እንደሆነ፣ ሕመምተኛው ማንበብ የተማረው በየትኛው ፊደል እንደሆነ፣ በተፈጥሮው ግራኝ ሆኖ በልጅነቱ በቀኝ እንዲሠራ የለመደ ከሆነም ይህንኑ። እንዲሁም ስም መጥራት ከዕጢው በኋላ ምን ያህል እንደከበደው ከሐኪሙ ይልቅ የሚያውቀው አብሮት የሚኖረው ሰው ነው።

ከቀዶ ጥገናው በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ቀናት ደግሞ ቤተሰብ የሚደነግጥበት ነገር ሊያጋጥም ይችላል። ንግግሩ ከበፊቱ የባሰ ሊሆን ይችላልና። በ2008 ከሳን ፍራንሲስኮ የወጣ ጥናት ቋንቋቸው በኤሌክትሪክ ዘንግ እየተፈተነ ዕጢ የወጣላቸውን 250 ሕሙማን ተከታትሏል። በመጀመሪያው ሳምንት 56ቱ ንግግራቸው ተባብሶ ወይም አዲስ ችግር ገጥሟቸው ነበር። ከስድስት ወር በኋላ ችግሩ የቀረባቸው 4 ሰዎች ብቻ ነበሩ።